እንዳይፈላ

ሄልጋ ትላለች፣ «እሳቱን ዝቅ አርጊው፤
ወይን ይሞቃል እንጂ አይፈላም፣ ጠብቂው።»
ዘንድሮ እጆቿ ስለሚንቀጠቀጡ
ትእዛዞቿ ሁሉ ከወንበር ነው የሚመጡ።

አባቷ ጊምሊ ላይ፣ ሐይቁ ሲጋገር፣
በረዶ ሰርስሮ መረብ ይጥል ነበር፤
ሲመለስ የሚያገኘው ይህን ድስት፣ ይህን ሽታ፣
የዛሬ ሰባ ዓመት፣ በእንዲህ ያለ ማታ።
አንድ ጆሮው የለም፤ በቀረው ብቻውን
እንደ አዛውንት ያደምጣል፣ አዘንብሎ አንገቱን።

ውጭ ዊኒፔግ ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
ትንፋሽ ጢም ላይ ደርቆ መርፌ ሆኖ የሚነሳ።
መኪናው እንደ ጥጃ በገመድ ታስሮ
ከግድግዳ ሶኬት መብራት ሲጠባ አድሮ…

እንግዲህ ይኸው ነው የጠቡም ምክንያት፤
አንድ ሶኬት፣ ሁለት ወንዶች፣ አንድ ሌሊት።
መንበሩ ነቀለ፤ ሮዳንቴም ነቀለ፤
ያንዱ ባትሪ ሞተ፣ ያንዱ ሥራ ተስተጓጎለ።
ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ በዚያው ደረጃ
ሲተላለፉ፣ አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ማስረጃ።

እኔ ምን አገባኝ፤ ድስቴን ልመልከት፤
አራት ጠርሙስ ወይን፣ ርካሹ ካለበት
ከመደርደሪያው ግርጌ፣ ጎንበስ ብዬ ያነሣሁት።
(ሄልጋ፣ «ጥሩ ወይንማ ቅመም ምን ያደርግለታል?
ቅመም እንደ ካፖርት ነው፤ የበረደው ይለብሰዋል።»)

ቀረፋው በእንጨቱ፣ ቅርንፉድ ስምንት ፍሬ፣
ሁለት ኮረሪማ፣ እሷ ሳታይ፣ ከራሴ ጨምሬ።
ብርቱካን በስሱ ልጣጩን ገፈፍኩ፤
ነጩ መራራ ነው፤ ሁለቴ ተገሠጽኩ።
ማር በጭልፋ ገባ፤ «በቃ» ስትል፣ ደገምኩ።

«መድረሱን በምን ላውቅ?» ብዬ ስላት፣ ሄልጋ፣
«እንፋሎቱ ቀስ ብሎ እንደ ድመት ሲያዛጋ።
ጠርዙ ላይ እንደ ዶቃ አረፋ ከታየሽ፣
አውርጂው፤ ከዚያ ወዲያ ሾርባ ነው የቀረሽ።»

ትርሲት እኅቴ በሩን ከፍታ ገባች፤
ጾም ነው፣ የነቢያት፤ ሽታውን ግን ሳበች።
«ወይን ከሥጋ ነው ወይስ ከቅጠል?» አለች፤
መልሱን ሳትጠብቅ ኩባያ አወጣች።

ለልጆች፣ ለማይጠጣ፣ ለሚነዳ ሌሊት
የፖም ጭማቂ አለ፣ በትንሿ ድስት።

ሰው መጣ። ቦት ጫማ በበሩ ተከመረ፤
መነጽር ያደረገ ለጊዜው ታወረ፤
አንድ ጓንት ያለ ጥንዱ ራዲያተር ላይ ቀረ።

መንበሩ በመስኮት፣ ሮዳንቴ በበር፤
መካከላቸው እኔ፣ የኔም ድስት ነበር።
ሮዳንቴ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤
የፖሙን ነው የያዘ፤ ሌሊት ነው ተራው።
ሦስተኛውን ኩባያ ስቀዳ አየሁት፣
ወደ መንበሩ ሄደ፤ ጭልፋውን ረሳሁት።

«ያ ገመድ…» አለው።
«የቱ ገመድ?» አለ።
ፊቱ እንደ ወይን ቀላ፣ አንገቱ ጋለ።
ዶቃ አየሁ፣ ድስቴ ላይ አይደለም፣ በመንበሩ ግንባር፤
«ዝቅ አርገው» ልል ነበር፤ እሳቱ ግን የኔ አልነበር።

ሮዳንቴ ከኪሱ አንድ ነገር አወጣ፤
ሁለት አፍ ያለው ሶኬት፣ ዛሬ ከሱቅ የመጣ።
«አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለኔ፤ ሲነጋ እንሞክረው፤
ፊውዙን ካቃጠለ ግን አብረን ነው የምንበርደው።»

መንበሩ ሊቆጣ የሰበሰበው ቃል
የት እንደሚያኖረው ጨነቀው መሰል፣
ቆሞ… ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሳቅ፤
እኛም ጀመርን የያዝነውን ትንፋሽ መልቀቅ።

ድስቱ!
ድስቱ ማንን ሊጠብቅ፤ ምን ቸግሮት ነበር፤
ለካስ ይንተከተካል፣ ክዳኑን ሲያስጨፍር።
ቅርንፉዱ ከላይ ከታች ይሮጣል፤
ሽታው ኮሪደሩን አልፎ ደረጃ ወርዷል፤
ጉልበቱ በመስኮት ወደ በረዶ ወጥቷል።

ሄልጋን አየኋት። ኩባያዋን ዘረጋች፤
እጇ ቢንቀጠቀጥም ጠብታ አላፈሰሰች።
ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። አሰበች።

እሷ በእንግሊዝኛ ያለችው ሌላ ነው፤
በኔ ጆሮ ገብቶ የተፈታው ይኸው፦

«ሞተ።»

ኩባያውን በሁለት እጇ አቀፈችና፣

«ግን ሞቀ።»

ከዚያም ከምላሷ ጫፍ ደቃቅ ፍሬ አንስታ፣
«ይኼን ማን ጨመረው?» አለች፣ መዳፏን ዘርግታ።